ስኳር በሽታ፣ አጥንት እና የቆላው ሰሊጥ

ውፍረትና ስኳር በሽታ አጥንትን እንደሚጎዱ ከታወቀ ቆይቷል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ተመራማሪዎች ለዚህ ጉዳት መፍትሔውን ከዕፅዋት መፈለግ ይዘዋል፤ ከአኩሪ አተር ጀኒስታይን፣ ከወይንና ከለውዝ ሬስቬራትሮል፣ ከእርድ ኩርኩሚን፣ ከሰሊጥ ሰሳሚን፣ ከተልባ ሊግናን እየተባለ ዝርዝሩ በየዓመቱ ይረዝማል። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ሰው በልባቸው ይዘው የተነሱ ናቸው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ክብደቱ የጨመረ፣ ብዙ እየበላ ጥቂት የሚንቀሳቀስ ሰው። ይህን ዕውቀት ይዞ ወደ ጎንደር ቆላ፣ ወደ ሳንጃ፣ ወደ አብደራፊና ወደ መተማ የሚወርድ ግን ስለ ቅጠሉና ስለ ፍሬው ከመጠየቁ በፊት በሽተኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በዚህ ዳሰሳ የምከራከርለት ሐሳብ ከዚህ ጥያቄ ይነሳል። ከዕፅዋት የሚገኙ ንጥረ ነገሮች የስኳር ሕመምተኛን አጥንት ከስብራት እንደሚጠብቁ በሰው ላይ የቀረበው ማስረጃ ገና ቀጭን ነው። ለጎንደር ምዕራባዊ ቆላ የሚጠቅሙት ደግሞ ተጨምቀው በክኒን ሲመጡ ሳይሆን ምግብ ሆነው ማዕድ ላይ ሲቀርቡ ነው፤ ያውም የሕመምተኛው ኢንሱሊን ሳይቋረጥ።

አጥንት ሳያቋርጥ የሚታደስ ሕያው አካል ነው። አፍራሽ ሕዋሳት ያረጀውን ያነሳሉ፣ ገንቢ ሕዋሳት በቦታው አዲስ ይተካሉ፤ በጤነኛ ጎልማሳ የሁለቱ ሥራ ይመጣጠናል። በደም ውስጥ ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ሚዛኑ በብዙ በኩል ይናጋል። ስኳሩ የአጥንቱ ማገር በሆነው ኮላጅን ላይ እየተጣበቀ ያደርቀዋል፤ አጥንቱ ማዕድን ሳይጎድለው እንኳ መለመጥ ያቅተውና ይሰበራል። በመቅኔ ውስጥ ያሉት ወላጅ ሕዋሳት አጥንት ገንቢ መሆን ሲገባቸው ወደ ስብነት ያዘነብላሉ። ከሆድ ስብ የሚነሳው ዝግተኛ ብግነትም አፍራሾቹን ያነቃቃል። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ሐኪሙን ግራ የሚያጋባ ነገር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በማሽን ሲለካ የአጥንቱ ጥግግት ከጤነኛው እኩል ወይም የበለጠ ሆኖ ሳለ ስብራቱ ግን ይበዛል። የዓይን መድከም፣ የእግር መደንዘዝና የስኳር ድንገተኛ መውረድ የሚያመጡት መውደቅ ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2007 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጃንግሆርባኒና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲያሰሉ የዳሌ ስብራት በሁለተኛው ዓይነት ታማሚዎች 1.7 እጥፍ፣ በመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ 6 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝተውታል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ይናገራል። ኢንሱሊን ራሱ አጥንት የሚያሳድግ ሆርሞን ነውና ከሰውነቱ ኢንሱሊን የጠፋበት ሰው ስኳሩ ከመብዛቱ ሌላ የአጥንቱን ገንቢም ያጣል።

ታዲያ የጎንደር ገጠር ሕመምተኛ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2009 ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ዳያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ከገጠር የሚመጡትንና ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉትን ታማሚዎች ሁኔታ ገለጹ። ወጣቶች፣ ቀጭኖች፣ ድሆችና በብዛት ወንዶች ነበሩ። ጸሐፊዎቹ በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና መከፈት የለበትም ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ታሪክ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን በሽታ በምደባው ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 ማስረጃው አልበቃም ብሎ አወጣው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ደግሞ አምስተኛው ዓይነት ብሎ መልሶ ዕውቅና ሰጠው። የጎንደር ሐኪሞች ጥያቄውን ካነሱ ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ውፍረት በአገራችን የለም ማለት አይደለም፤ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ እየጨመረ ነው። ነገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 በመቶው ከልክ በታች ቀጭን ሲሆኑ ከልክ በላይ የከበዱት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቁመታቸው ቀጭጮ ነበር። ቁመቱ የቀጨጨ ልጅ አጥንቱ ገና ከመሠረቱ የጎደለው ነው፤ አድጎ ስኳር በሽታ ሲይዘው ሕመሙ የሚመጣው ባልሞላ አጥንት ላይ ነው። የሚገርመው፣ በረሃብ የከሳ ሰው መቅኔም በስብ ይሞላል። የወፍራሙና የቀጭኑ አጥንት ተመሳሳይ ጉዳት ቢታይባቸውም ወደዚያ የደረሱበት መንገድ ተቃራኒ ነው፤ ለአንዱ የታዘዘ ምግብ መቀነስ ለሌላው ጥፋት ይሆናል።

አሁን ወደ ዕፅዋቱ እንምጣ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ውጤቱ አስደሳች ነው። ጀኒስታይን፣ ሬስቬራትሮልና ኩርኩሚን በሳህን ላይ ያደጉ አጥንት ገንቢ ሕዋሳትን ያበረታታሉ፣ አፍራሾቹን ያቀዘቅዛሉ፣ በስኳር በሽተኛ አይጦች ላይም ጥሩ ነገር ያሳያሉ። ወደ ሰው ሲኬድ ግን ነገሩ ይደበዝዛል። ጣልያን ውስጥ ማሪኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት አጥንታቸው መሳሳት የጀመረና የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች በቀን 54 ሚሊግራም ጀኒስታይን ለ2 ዓመት ሲወስዱ የአጥንታቸው ጥግግት ጨመረ። ከ4 ዓመት በኋላ ማያሚ ውስጥ 248 ሴቶች በቀን 200 ሚሊግራም የአኩሪ አተር ኢሶፍላቮን ለ2 ዓመት ወሰዱ፤ ለአጥንታቸው ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ተልባን ቤታችን ሁሉ ያውቀዋል። በሊግናን ሀብቱ ተወዳዳሪ የለውም ይባላል፣ እውነትም ነው። ሆኖም ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት 199 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በቀን 40 ግራም ተልባ ለአንድ ዓመት በሉ፤ የአጥንታቸው ጥግግት ካልበሉት አልተለየም። በወፍራሞችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ በቀጥታ የተሞከረው ሬስቬራትሮል ነው። ዴንማርክ ውስጥ በ2014 ወፍራም ወንዶች በቀን 1000 ሚሊግራም ለ16 ሳምንት ወስደው የአከርካሪ አጥንታቸው መጠነኛ መሻሻል አሳየ። ጣልያን ውስጥ በ2018 የታተመው ደግሞ የሁለተኛው ዓይነት 192 ታማሚዎችን ለ6 ወር ተከታትሎ 500 ሚሊግራም የወሰዱት አጥንታቸው እንዳልሳሳ አመለከተ። እነዚህ ሁለቱ ተስፋ ይሰጣሉ። ነገር ግን የተለካው ጥግግት እንጂ ስብራት አልነበረም፤ በሁለተኛው ዓይነት ጥግግት ብቻውን እንደሚያታልል ደግሞ ከላይ አይተናል። መጠኑም ከማዕድ የሚገኝ አይደለም። ለውዝ ያለው ሬስቬራትሮል ከማይክሮግራም አያልፍምና 500 ሚሊግራም በለውዝ ለመሙላት የሚችል ሆድ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው መከራከሪያ ቀላል ይመስላል። አንድ ተክል ስኳርን ካወረደ አጥንቱንስ በዚያው አይጠብቅም ወይ? የለመድነው አብሽ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። አብሽ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በመጠኑ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ቃጫው የምግብን መመጠጥ ያዘገያል። በውስጡ ግን ትሪጎኔሊን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ይኸው ንጥረ ነገር በቡናችንም ውስጥ ይገኛል። ፖላንድ ውስጥ ፎልቫርችናና ባልደረቦቿ በ2016 ትሪጎኔሊንን ስኳር በሽታ እንዲይዛቸው ለተደረጉ አይጦች ሰጡ። በሽታው በቀለለባቸው ላይ አጥንቱን ትንሽ የሚረዳ መሰለ፤ ኢንሱሊናቸው ክፉኛ በተጎዳባቸው ላይ ግን የአጥንቱን ሁኔታ አባባሰው። አይጥ ሰው አይደለምና አብሽና ቡና ይቅሩ የሚል ከዚህ አይወጣም። የሚወጣው ትምህርት ሌላ ነው። አንዱ ንጥረ ነገር በአንዱ የበሽታ ዓይነት ሲረዳ በሌላው ሊጎዳ ይችላል፤ የቆላው ሕመምተኛ ደግሞ ኢንሱሊኑ ለጠፋበት አይጥ ይበልጥ ይቀርባል። ስኳር ማውረድና አጥንት መጠበቅ አንድ አለመሆናቸውን ከፋብሪካ የወጣ መድኃኒትም አስተምሮናል። ሮዚግሊታዞን ስኳርን በደንብ ያወርድ ነበር፤ በ2006 የታተመው ትልቅ ጥናት ከሜትፎርሚን ጋር ሲያነጻጽረው ግን በሚወስዱት ሴቶች ላይ ስብራት በዝቶ ተገኘ።

ሰሊጥ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ አገሩ የሰሊጥ አገር ነውና። ከሳንጃ ቆላ እስከ አብርሃ ጅራ፣ ከገንደ ውኃ እስከ ቋራ ክረምት ሲገባ የሚዘራው፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሚታጨደው፣ በሂላ ተከምሮ የሚደርቀው፣ ተራግፎ በኩንታል የሚጫነው እሱ ነው። ያልተፈተገ ሰሊጥ በ100 ግራም 975 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ሠላሳ ግራሙ ከ290 ሚሊግራም ያላነሰ ይሰጣል ማለት ነው፣ ጎልማሳ በቀን ከሚያስፈልገው 1000 ሚሊግራም አንድ ሦስተኛ ሊሞላ የሚቃረብ። ከዚህ ሁሉ ብዙው ያለው ገለባው ላይ ስለሆነ ተፈትጎ ነጭ የሆነው ሰሊጥ ካልሲየሙን አብዛኛውን አጥቷል። በእርግጥ ገለባው ውስጥ ያለው ኦክሳሌትና ፍሬው ውስጥ ያለው ፋይቴት ካልሲየሙን ይዘው ያስቀሩታል፤ ከወተት የሚመጠጠውን ያህል ከሰሊጥ አይመጠጥም። ቢሆንም ለሁሉም የኦርቶዶክስ ምእመን የታዘዙት አጽዋማት ብቻ በዓመት 180 ቀን ያህል በሚሆኑበት፣ በእነዚያ ቀናት ወተት በማይቀመስበት አገር፣ ማሽላውም በካልሲየም ድሃ በሆነበት ቆላ፣ ከፊሉ እንኳ መመጠጡ ትልቅ ነገር ነው። ሰሳሚንና ሰሳሞሊን የሚባሉት ሊግናኖቹ በአንጀት ባክቴሪያዎች ተለውጠው ደካማ ኤስትሮጅን መሰል ጠባይ ይይዛሉ። ታይዋን ውስጥ በ2006 በታተመ ሙከራ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች በቀን 50 ግራም የሰሊጥ ዱቄት ለ5 ሳምንት ሲበሉ የደማቸው ቅባት ተሻሽሏል፤ አጥንት ግን አልተለካም።

የሰሊጡ ጉዞ ይህን ሀብት ለሁለት ይከፍለዋል። ሲጨመቅ ሰሳሚኑ በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ከዘይቱ ጋር ይሄዳል፤ ካልሲየሙ ፋጉሎው ውስጥ ቀርቶ ከብት ይበላዋል። የሚበዛው ሰሊጥ ደግሞ ጭራሽ ሳይጨመቅ፣ በጥሬው፣ በምርት ገበያ በኩል አልፎ ወደ ቻይናና ወደ እስራኤል ይጫናል። ያጨደው የቀን ሠራተኛ ራቱ የማሽላ እንጀራ ነው። ሰሊጥን የውጭ ምንዛሬ ብቻ አድርጎ ማየት ለአጥንት የሚሆነውን ምግብ ከአምራቹ ማዕድ ማራቅ እንደሆነ በግልጽ መናገር ይገባል። ከነገለባው የተቆላና የተወቀጠ ሰሊጥ በፍትፍት ወይም በሰሊጥ ውኃ፣ ከወይና ደጋው በ100 ግራም ወደ 350 ሚሊግራም ካልሲየም ከሚይዝ ዳጉሳ ጋር ሆኖ፣ ባሕር ማዶ ከሚመጣ ማንኛውም ክኒን ይልቅ ለዚህ አካባቢ ይቀርባል። ይህን የምለው ስብራት እንደሚከላከል ስለተረጋገጠ አይደለም፤ የጎደለው ምግብ ስለሆነ፣ የጎደለውን ምግብ መሙላት ደግሞ ሌላ ማስረጃ ሳይጠብቅ የሚደረግ ስለሆነ ነው።

አባቶቻችን በዕፅ ሲድኑ ኖረዋል፣ የፈረንጅ ሙከራ ለምን እንጠብቃለን የሚሉ አሉ። ይህን ተቃውሞ አቃልለን ልናልፈው አይገባም። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ጋሌጋ የተባለ የአውሮፓ ተክል ነው። በገጠር ሰው የታወቀው ተክል ወደ መድኃኒትነት የደረሰው ግን ፍሬ ነገሩ ተለይቶ፣ መርዛማው ተትቶ፣ በ1922 ተቀምሞ፣ በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን በሰው ላይ መሥራቱን ካሳየ በኋላ ነው። ግራዋም ሆነ ጥንጁት ወይም ጥቁር አዝሙድ እንዲህ ያለ ዕድል ይገባቸዋል፤ እስካሁን የተደረገላቸው ግን በአብዛኛው በአይጥ ላይ የሚያበቃ ሙከራ ነው። የአባቶች ልምድ ቁስልን፣ ተቅማጥን፣ ትኩሳትን በዓይን አይቶ መመዘን ይችላል። በ20 ዓመት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሳሳ አጥንትን ግን ማንም በዓይኑ ሊመዝን አይችልም፤ እንዲህ ያለውን የሚያየው በብዙ ሰው ላይ ለረጅም ጊዜ የተደረገ ልኬት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳር የሚያወርድ ቅጠል ሲደርብበት ስኳሩ በድንገት ሊወርድ፣ ሊወድቅና ሊሰበር ይችላል። ኢንሱሊኑን ትቶ በቅጠሉ ቢተማመን ደግሞ አጥንቱ ሳይሰበር ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል።

የቆላው ሌላ ስመ ጥር ተክል የዕጣን ዛፉ ነው። የመተማና የቋራ ዕጣን ሙጫው ብግነት የሚቀንሱ ቦስዌሊክ አሲዶች አሉት፤ የሕንዱ ዘመዱ ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም በሰው ላይ ተሞክሯል። ለስኳር ሕመምተኛ አጥንት ግን የተያዘ ማስረጃ የለም። ዛፉም ራሱ በአደጋ ላይ ነው። ቦንገርስና ባልደረቦቹ በ2019 ባወጡት ጥናት የዚህ ዛፍ ችግኝ ለአሥርት ዓመታት አለመተካቱንና በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ለመድኃኒት ተብሎ ፍላጎቱ ቢጨመርበት የሚጠፋው ዛፉ ነው።

ወባና ካላዛር ባሉበት፣ ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል በሚገቡበት ቦታ ስለ አጥንት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አጥንት ግን የዚህ አገር ሠራተኛ ዋና ሀብቱ ነው። ሲያርም፣ ሲያጭድ፣ ኩንታል ሲሸከም የሚውል ሰው ዳሌው ወይም ክንዱ ቢሰበር ቤተሰቡ ያን ዓመት ገቢ የለውም። የተሰበረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ብዙ ወጌሾች የተካኑ ናቸው፣ ይህንን መካድ አይገባም። ነገር ግን እጅግ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ሁኔታ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል፤ የስኳር ሕመምተኛ እግር ደግሞ ቀድሞውኑ የደም ዝውውሩ የደከመ፣ ሕመሙም የማይሰማው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጌሻው ከማሰሩ በፊት ስኳር አለብህ ወይ ብሎ መጠየቅን፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መላክን ቢለምድ፣ እስካሁን ከተጠኑት የዕፅዋት ክኒኖች ሁሉ የበለጠ እግር ያድናል።

ኢንሱሊንም የቆላው ሙቀት ጉዳይ አለበት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ማቀዝቀዣ የሌለው ገበሬ መድኃኒቱን የት ያስቀምጣል? ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ውስጥ በዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ ያለውን የሙቀት ሁኔታ ተከትለው በ2021 ባወጡት ጥናት ኢንሱሊን ሙቀቱ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ ለ4 ሳምንት ኃይሉን ሳያጣ ቆይቷል። ውኃ የሚያላብ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጥላ ሥር የተቀመጠ ኢንሱሊን በዚህ ልክ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት እስከ ማሰሮው ድረስ ያለው መንገድ በጦርነትና በመንገድ መዘጋት ምክንያት ሲቋረጥ ግን የሚያካክሰው ሰሊጥም አብሽም የለም።

ተመራማሪዎቻችን ይህን ጉዳይ ከውጭ ዝርዝር ላይ ተክል እየመረጡ በአይጥ ላይ ከመድገም ይልቅ ከራሳቸው ሕመምተኞች ቢጀምሩ እላለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ለገጠሩ የጤና ባለሙያ ለማፍራት ነበር፤ የአካባቢውን ቀጭን የስኳር ሕመምተኛ ለዓለም ያስተዋወቁትም የእሱ ሐኪሞች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች አጥንት ስንት ጊዜ ይሰበራል፣ የት ይሰበራል፣ ሰሊጥና ዳጉሳ በየቀኑ ሲጨመርላቸውስ ምን ይለወጣል የሚለውን ከእነሱ የተሻለ ሊጠይቅ የሚችል የለም። አንባቢዬ፣ እስከዚያው ኢንሱሊን የሚወጋ ዘመድ ካለህ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት እርዳው፤ የሚወስደውን ቅጠል ከሐኪሙ እንዳይደብቅ ምከረው፤ ሰሊጡንም ሳይፈተግ ቆልተህ አቅርብለት።